ክንዱ ላይ የሚያርሰው ሸርጣን፦ ምን ታየ? ምንስ ተገመተ?



በዛሬው ትምህርታችን ኪዋ ፑራቪዳ የሚባለውን የባሕር እንስሳ እንመለከታለን። ሸርጣንም ሎብስተርም ይመስላል፤ ክንዶቹና እግሮቹ በጸጉር መሰል ነገር ተሸፍነዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አልቪን በተባለችው ጠላቂ መርከብ ወርደው ከኮስታ ሪካ ጠረፍ ወዲያ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ 1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኙት። በ2011 ስም ሰጥተው ጥናታቸውን አሳተሙ።

እዚያ የፀሐይ ብርሃን አይደርስም፤ ተክልም አይበቅልም። ከባሕሩ ወለል ግን ሜቴንና ሰልፋይድ ይወጣል። ከእነዚህ ኬሚካሎች ኃይል የሚያገኙ ባክቴሪያዎች በሸርጣኑ ጸጉር ላይ ይራባሉ። እሱም አፉ አጠገብ ባለው ማበጠሪያ መሰል አካል እያበጠረ ይበላቸዋል። ሱብሓነላህ! እርሻውን ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ክንዶቹን ያለማቋረጥ ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛል። ለምን? ፍሉድ ሜካኒክስ የወሰድን ባውንደሪ ሌየርን እናስታውስ። ገጽን የተጠጋ ውሃ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ባክቴሪያዎቹ በአጠገባቸው ያለውን ኬሚካል ሲጨርሱ ሌላው ቶሎ አይደርሳቸውም። ክንዱ ሲወዛወዝ ግን ያ ሽፋን ይሳሳል፤ አዲስ ውሃም ይደርሳቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያ መብላቱን በዓይን በማየት ብቻ አልደመደሙም፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለውን የስብ አሲድና የካርቦን አይሶቶፕ መርምረው አረጋገጡ። የመወዛወዙን ምክንያት ግን መላምት ብለው ነው ያቀረቡት። የታየውን ከተገመተው ለዩ።

መድረሳ ስንቀራ ኡስታዞቻችን አንድ ወሬ ሲነገር «ከማን ሰማህ?» ብለው መጠየቅን አስለምደውናል። ላብ ስንገባ ግን እንረሳዋለን። ሙከራው አልሳካ ሲለን ከጓደኛ ሪፖርት ቁጥር እንወስዳለን፤ ግራፉ እንዲያምር አንዷን ነጥብ እናነሳለን፤ ያልለካነውን «ለካን» ብለን እንፈርማለን። ይህ ልማድ ስንመረቅ አይለቀንም። ነገ ምሰሶ ስናሰላ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ስንዘረጋ አብሮን ይመጣል፤ ያኔ የሚጎዳው ውጤታችን ሳይሆን ሰው ነው። ቁጥር አማና ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ሪፖርት እንጀምር። የለካነውን «ለካን»፣ የገመትነውን «ገመትን»፣ ያልተሳካውን «አልተሳካም» ብለን እንጻፍ። ማርክ ቢቀንስብንም እውነቱ ይቆይልናል፣ ኢንሻአላህ።