ክምሩ ቢያድግ የሁላችን ጎተራ ይሞላል ወይ?

ፊደል ቆጥራችሁ መደመርንና ማካፈልን ለምዳችኋል። ዛሬ በዚያው በማካፈል አንድ ትልቅ ነገር እንመረምራለን። ነገሩ የአገር ሀብት ነው። አንድ አገር በለጸገ የሚባለው ሀብቱ ሲበዛ ነው ወይስ ለሁሉም ሲዳረስ? እኛ ተማሪዎች ይህን ከመጽሐፍ ተምረነዋል። እናንተ ግን ከኑሮ ታውቁታላችሁ።

እስኪ እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። በአንድ መንደር አምስት ገበሬዎች አሉ እንበል። አንዱ 60 ኩንታል አስገባ። አራቱ እያንዳንዳቸው 10 ኩንታል አስገቡ። ድምሩ 100 ኩንታል ነው። 100 ለ5 ሲካፈል 20 ይደርሳል። ይህ 20 «አማካይ» ይባላል። ግን ልብ በሉ፤ በዚያ መንደር 20 ኩንታል ያስገባ አንድም ሰው የለም! በራዲዮ «የአገር ሀብት በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ነው» ሲባል ቁጥሩ የሚሰላው እንደዚሁ ነው። ስለ ክምሩ ይነግራችኋል እንጂ ስለ ጎተራችሁ አይነግራችሁም።

በዚህ ነገር ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ይከራከራሉ። አንደኞቹ «መጀመሪያ ክምሩ ይደግ፤ ሀብታሙ ትራክተር ይገዛል፣ ሥራ ይከፍታል፣ ኋላ ለድኻውም ይተርፋል» ይላሉ። ሁለተኞቹ «ድኻው መሬትና ትምህርት ካላገኘ ክምሩን ማን ያሳድገዋል?» ብለው ይመልሳሉ። ታዲያ የማን ይበልጣል? በወሬ ሳይሆን በተደረገ ነገር እንየው። ዘመኑ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።

1ኛ/ ጭላሎ። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባል የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ የስንዴው ምርት አደገ። ነገር ግን ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አስነሡ። ክምሩ አደገ፤ ጭሰኛው ግን ያርሰው የነበረውን መሬት አጣ።

2ኛ/ የመሬት አዋጅ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ፣ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። እርቦ፣ ሲሶና እኩል መክፈል ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበሬው በኮታ፣ ከገበያ ባነሰ ዋጋ፣ እህሉን ለመንግሥት እንዲሸጥ ተገደደ። ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ። ላቡ ዋጋ ካላገኘ ማን አብዝቶ ያርሳል? ጦርነትና ድርቅም ተጨመረበት። መሬቱ ተዳረሰ፤ ክምሩ ግን የሚፈለገውን ያህል አላደገም።

3ኛ/ ደቡብ ኮሪያ። በ1943 ዓ.ም. የኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ሄደው የተዋጉባት አገር ናት። ያኔ ድኻ ነበረች። ጭሰኞቿ የምርታቸውን ግማሽ ያህል ለባለመሬት ይከፍሉ ኖረዋል። ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ መሬቱ ለሚያርሰው ተከፋፈለ፤ አንድ ቤተሰብ ከ3 ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ገበሬውም የአንድ ዓመት ተኩል ምርት ያህል በአምስት ዓመት ከፋፍሎ ከፍሎ ባለመሬት ሆነ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሰደደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት እህሉን በደህና ዋጋ እየገዛ ለከተሜው በርካሽ ሸጠ፤ ኪሳራውን ራሱ ቻለ። የተማሩት ልጆች ፋብሪካውን አንቀሳቀሱት። የውጭ እርዳታም አግኝታለች። ዛሬ ከሀብታም አገሮች ተርታ ናት።

እንግዲህ ሦስቱን አስተያዩ። ክምር ማሳደግ ብቻውን አያዳርስም፤ ማካፈልም ብቻውን አያጠግብም። መሬቱ፣ ትምህርቱና ተገቢው ዋጋ አንድ ላይ ሲገኙ ነው አገር የሚበለጽገው። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ምርት አድጓል» ቢላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ዝም አትበሉ። «ማን ጎተራ ገባ? በስንትስ ተሸጠ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መልመጃ

ሀ/ በሌላ መንደር አምስቱም ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 12 ኩንታል አስገቡ። ድምሩ ስንት ነው? አማካዩስ? ከመጀመሪያው መንደር ጋር ሲተያይ ስንት ቤት የተሻለ ይበላል?

ለ/ ከሁለቱ መንደሮች በየትኛው መኖር ትመርጣላችሁ? ለምን?

ሐ/ ሁለተኛው መንደር ከ12 ወደ 20 ኩንታል ለመድረስ ምን ይጎድለዋል? በማኅበራችሁ ስብሰባ ተወያዩበት፤ መልሳችሁንም በደብተራችሁ ጻፉ።