ቀኑ ያለፈበት ይግባኝ፤ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

ፊደል የቆጠረ ገበሬ አጥብቆ ሊያነባቸው ከሚገባው ወረቀቶች አንዱ የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። የማዳበሪያ ደረሰኝ ቢጠፋ ሌላ ይጻፋል። የፍርድ ቤት ቀን ካለፈ ግን መሬትን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ስለ ይግባኝ፣ ይልቁንም ቀኑ ስላለፈበት ይግባኝ እንማራለን። በመጀመሪያ ለምሳሌ ያህል የቀረበውን ታሪክ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቀኖቹን በጣታችሁ እየቆጠራችሁ አንብቡ።

ታሪኩ

አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች እንበል። ሁለት ጥማድ መሬት አላት። ጤፍና ሽምብራ እያፈራረቀች ልጆቿን ታሳድግበታለች። የባሏ ወንድም «መሬቱ የአባቴ ነው፤ ለኔ ይገባል» ብሎ በወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሳት። ክርክሩ ተሰማ። ሚያዝያ 10 ቀን ፍርድ ቤቱ ለሱ ፈረደለት።

እናቲቱ በፍርዱ ቅር አላት። ሚያዝያ 12 ቀን የፍርዱን ግልባጭ ጠየቀች። ግልባጩ የተሰጣት ግንቦት 20 ቀን ነው። «እንግዲህ ጽፌ ልሂድ» ስትል ግንቦት 28 ቀን ወባ ጣላት። ጤና ጣቢያ ተኛች። ሰኔ 14 ቀን በሰው ተደግፋ ቤቷ ገባች። ሰኔ 18 ቀን ይግባኟን አስጽፋ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደች። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን አየና መለሰላት።

«እማማ፣ ይህን ልቀበልዎት አልችልም» አላት።

«ምነው ልጄ? ያጠፋሁት አለ?»

«ፍርዱ የተሰጠው ሚያዝያ 10 ነው። 60 ቀኑ ሰኔ 10 ሞላ። ዛሬ ሰኔ 18 ነው።»

«ታምሜ ነው እኮ ልጄ። ሞቼ ነው የተነሣሁት።»

«እሱን ለኔ ሳይሆን ለዳኞቹ ነው የሚነግሩት። የይግባኝ ማስፈቀጃ ማመልከቻ ያቅርቡ። 10 ቀን አለዎት።»

እናቲቱ ከቢሮው ወጥታ ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። በፌስታል የጠቀለለችውን ወረቀት ፈታች። ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ ወረቀቶቹን ለይታ አታውቃቸውም ነበር። አሁን ግን ፊደል ቆጥራለች። አንዱን አነሣችና «የ-ፍርድ ግል-ባጭ» ብላ አነበበች። ግልባጩ ላይ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን ተጽፏል። ሁለተኛው ጤና ጣቢያው የሰጣት ወረቀት ነው። የገባችበትና የወጣችበት ቀን አለው። «እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው» አለች። ሰኔ 22 ቀን ማመልከቻዋን አቀረበች። ዳኞቹ ወረቀቶቹን አይተው ፈቀዱላት። ክርክሩ ገና ይቀጥላል። ይሁን እንጂ በሩ አልተዘጋባትም።

የቃላት ትርጉም

ይግባኝ፦ በታች ፍርድ ቤት ፍርድ ቅር የተሰኘ ሰው «የበላይ ፍርድ ቤት ይይልኝ» ብሎ የሚያቀርበው አቤቱታ ነው።

ይግባኝ ባይ፦ ይግባኝ የሚያቀርበው ሰው ነው።

መልስ ሰጪ፦ ይግባኝ የቀረበበት፣ ማለትም ፍርዱን የረታው ወገን ነው።

ግልባጭ፦ የፍርዱ ቅጂ ነው። ማኅተምና ፊርማ ሊኖረው ይገባል።

ሬጅስትራር፦ በፍርድ ቤት መዝገብ የሚከፍትና ወረቀት የሚቀበል ሠራተኛ ነው። ዳኛ አይደለም።

ማስፈቀጃ፦ ቀኑ ያለፈበት ይግባኝ እንዲታይ ፈቃድ የሚጠየቅበት ማመልከቻ ነው።

እግድ፦ የተፈረደው ነገር ለጊዜው እንዳይፈጸም የሚያቆም ትእዛዝ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ እንዲኖራቸው ተደርጎ ነበር። ያ ሸንጎ ዛሬ የለም። ዛሬ በክልሎች እንዲህ ያለው ክርክር በወረዳ ፍርድ ቤት ከተፈረደ ይግባኙ የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የክርክሩን አካሄድ የሚመራው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

የዚህ ሕግ ቁጥር 323 ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ልብ በሉ! ሕጉ «ሁለት ወር» አላለም፤ «60 ቀን» ነው ያለው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው። ሚያዝያ 10 የተፈረደ ሰኔ 10 ይሞላል። ጳጉሜን በመካከል ስትገባ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ሐምሌ 20 ቀን የተፈረደ ፍርድ በጣት ሲቆጠር መስከረም 20 የሚሞላ ይመስላል። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ግን 60ኛው ቀን መስከረም 15 ነው። ስድስት ቀን ስትሆን ደግሞ መስከረም 14 ይሆናል። ጳጉሜን ረስቶ የቆጠረ ገበሬ በ5 ቀን መብቱን ሊያጣ ነው ማለት ነው። በክረምትም ፍርድ ቤት ለዕረፍት ይዘጋልና «ሲከፈት እሄዳለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ። ከመዘጋቱ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

60 ቀኑ ካለፈ ሬጅስትራሩ ይግባኙን አይቀበልም። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሕጉ ያዘዘው ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ ከቁጥር 324 እስከ 326 ድረስ አንድ ጠባብ በር ተከፍቷል። ይግባኝ ባዩ ሬጅስትራሩ ከነገረው በኋላ በ10 ቀን ውስጥ የማስፈቀጃ ማመልከቻ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። የዘገየበትንም ምክንያት ከነማስረጃው ማሳየት አለበት። ፍርድ ቤቱ «በእርግጥ በቂ ምክንያት አግዶታል» ብሎ ካመነ ይፈቅዳል። ይግባኙንም በ10 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ያዛል። እነዚህን ሁለት አሥር ቀኖች አትርሱ። አንደኛው ፈቃድ ለመጠየቂያ ነው። ሁለተኛው ፈቃድ ካገኙ በኋላ ይግባኙን ለማስገቢያ ነው።

ይህ የተነገረው ስለ ፍትሐ ብሔር ክርክር ነው። የወንጀል ጉዳይና አንዳንድ ልዩ ሕጎች፣ ለምሳሌ ለልማት የተወሰደ መሬት ካሳ፣ የየራሳቸው ቀን አላቸው። ከ60 ቀን ያነሰም አለ። ስለዚህ ፍርድ በተሰጠ ዕለት «የይግባኜ ቀን መቼ ያልቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ጻፉት።

በቂ ምክንያት ምንድን ነው?

በቂ ምክንያት ማለት ሰውየው ወዶ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ በሆነ ነገር ሲዘገይ ነው። ከባድ ሕመም አንዱ ነው። የፍርዱ ግልባጭ ተጠይቆ ሳይሰጥ መዘግየቱም ሌላው ነው። ነገር ግን አፍ ብቻውን አይበቃም። ሕመም ከሆነ የጤና ጣቢያ ወረቀት ያስፈልጋል። ግልባጭ ከሆነ የተጠየቀበትንና የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ዳኞች አንድ ሌላ ነገርም ይጠይቃሉ። «ከመታመምህ በፊት ምን ትሠራ ነበር?» ይላሉ። በታሪካችን ያየናት እናት ከተፈረደባት እስከታመመችበት ቀን ድረስ 48 ቀን አልፏል። ዝም ብላ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ሕመሟ ብቻ ላያድናት ይችል ነበር። እሷ ግን በሁለተኛው ቀን ግልባጭ ጠይቃለች። ከተሰጣት እስከታመመችበት ድረስ የቀራት 8 ቀን ብቻ ነበር። ያዳናትም ይህ ነው። ድና ከወጣች በኋላም በአራተኛው ቀን ሄዳለች፤ ሳምንታት አላሳለፈችም።

በቂ ያልሆነውስ? «ጠበቃዬ ረሳው»፣ «ወኪሌ ዘገየብኝ» የሚለው በቂ ምክንያት አይሆንም። ይህን ሕጉ ራሱ በቁጥር 326 ተናግሯል። ስለዚህ ለጠበቃም ሆነ ለወኪል ከሰጣችሁ በኋላ እናንተው ተከታተሉ። «ቀኑን አላወቅሁም» ወይም «እርሻ በዛብኝ» የሚለውም ሚዛን አይደፋም። እርሻ በየዓመቱ አለ፤ ሁሉም ገበሬ ያርሳል።

ማመልከቻው ምን ምን ይይዛል?

1. የሚቀርብለት ፍርድ ቤት ስም፤
2. የይግባኝ ባይና የመልስ ሰጪ ስምና አድራሻ፤
3. ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት፣ የመዝገቡ ቁጥርና ፍርዱ የተሰጠበት ቀን፤
4. 60 ቀኑ የሞላበት ቀንና ሬጅስትራሩ አልቀበልም ያለበት ቀን፤
5. የዘገየበት ምክንያት በቀን በቀኑ ተዘርዝሮ፤
6. የማስረጃዎች ዝርዝር፤
7. የሚጠየቀው ነገር፤
8. የተጻፈው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃለ መሐላና ፊርማ።

በዚህ ማመልከቻ ላይ የመሬቱን ክርክር ሁሉ መዘርዘር አይገባም። ዳኞቹ አሁን የሚጠይቁት «ለምን ዘገየህ?» የሚለውን ነው። «ፍርዱ ለምን ተሳሳተ?» የሚለው በይግባኙ ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ናሙና

ለ........ ከፍተኛ ፍርድ ቤት

ይግባኝ ባይ፦ ............ አድራሻ፦ ............
መልስ ሰጪ፦ ............ አድራሻ፦ ............

ጉዳዩ፦ የይግባኝ ማስፈቀጃ ማመልከቻ ነው።

የ........ ወረዳ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር ........ ሚያዝያ 10 ቀን የሰጠው ፍርድ ቅር አሰኝቶኛል። የይግባኙ ጊዜ ሰኔ 10 ቀን አልቋል። ሰኔ 18 ቀን ይግባኜን ባቀርብ ሬጅስትራሩ ጊዜው አልፏል ብሎ መልሶልኛል።

የዘገየሁት በቸልተኝነት አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን ግልባጭ ጠይቄ የተሰጠኝ ግንቦት 20 ቀን ነው። ከግንቦት 28 ቀን እስከ ሰኔ 14 ቀን ድረስ በጤና ጣቢያ ተኝቼ ነበር። ማስረጃዎቹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ስለዚህ ይግባኜን እንዳቀርብ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ። የጻፍሁት ሁሉ እውነት መሆኑን በቃለ መሐላ አረጋግጣለሁ።

ፊርማ ............ ቀን ............

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ ፈቃድ ማግኘት መርታት አይደለም። ፈቃድ በር መክፈት ነው። ከበሩ ገብቶ መከራከር ገና ይቀራል። የይዞታ ደብተራችሁን፣ የግብር ደረሰኛችሁንና ሌላውን ማስረጃ ለዚያ አዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ ይግባኝ ማቅረብ ብቻውን ፍርዱን አያቆምም። ባላጋራችሁ ፍርዱን ይዞ መሬቱን ሊረከብ ይችላል። ይህን ለማስቆም የእግድ ማመልከቻ ለብቻው መቅረብ አለበት። ይህንን ያላወቁ ሰዎች «ይግባኝ ብያለሁ» ብለው ተቀምጠው ሳለ ማሳው በሌላ ሰው በሬ ታርሶ ያገኙታል።

ሦስተኛ፣ «የዳኝነት ገንዘብ የለኝም» ብላችሁ አትቅሩ። ሕጉ ድሃ የሆነ ሰው ሳይከፍል እንዲከራከር ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ አለው። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዛችሁ ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው።

ጥያቄዎች

1. ይግባኝ ማለት ምን ማለት ነው? በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
2. ፍርዱ የተሰጠው ጥር 7 ቀን ነው። 60ኛው ቀን መቼ ነው?
3. ሬጅስትራሩ ኅዳር 24 ቀን «ጊዜው አልፏል» አለ። 10ኛው ቀን መቼ ነው?
4. «ጠበቃዬ ረሳው» የሚለው በቂ ምክንያት ነውን?
5. በታሪካችን ያለችው እናት ግልባጩን ሚያዝያ 12 ቀን ባትጠይቅ ኖሮ ዳኞቹ ምን ይሏት ነበር? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።
6. በቤታችሁ ያለውን አንድ የመንግሥት ወረቀት አውጡ። በላዩ ላይ ያሉትን ቀኖች ሁሉ አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

መልስ፦ የ2ኛው መጋቢት 7 ቀን ነው። የ3ኛው ታኅሣሥ 4 ቀን ነው። የ4ኛው አይደለም ነው። የቀሩትን ከአስተማሪያችሁ ጋር ተመልከቱ።

ውድ አንባቢያን፤ የፍርድ ቤት ወረቀት ከእህል ጋር በጎታ አይቀመጥም፤ አይጥ ይበላዋል። በፌስታል ጠቅልላችሁ ከፍ ካለ ቦታ ስቀሉት። ቀኑንም በግድግዳችሁ ላይ በከሰል ጻፉት። ይህን ትምህርት ላላነበበ ጎረቤት አንብቡለት። ከጎረቤታችሁ አንዱ ዛሬ 59ኛው ቀን ላይ ሊሆን ይችላል።