ስለ ክርን ቆዳ መድረቅና መሰንጠቅ

በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው አምቡሊ፣ በስሙ በሚጠራው ወንዝ ዳር ባሉት የአትክልትና የቴምር ቦታዎች ከቆየ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ወንዙ የሚወርደው ዝናብ ሲጥል ብቻ ስለሆነ አትክልቱ የሚጠጣው ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ነው፤ ውሃውም ጨውነት አለው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሐምሲን የሚባለው ሞቃትና ደረቅ ነፋስ ከየብስ በኩል ሲነሣ የብዙ ሠራተኛ ክርን አመድማ ይሆናል፣ ይሻክራል፣ አልፎም ይሰነጠቃል።

ነገሩ መልክን ከማበላሸት አያልፍም ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም ፍግ ለሚያገላብጥ ሰው የተሰነጠቀ ቆዳ የተከፈተ በር ነው። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታን የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈርና በከብት ፍግ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያልና። ስለዚህ ሥራው ከአፈር ጋር የሆነ ሁሉ የዚህን በሽታ ክትባት በጊዜው መከተብ ይገባዋል።

የቆዳ የላይኛው ሽፋን ከሞቱ ሕዋሳት የተደረደረ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ቅባት በግንብ ድንጋይ መካከል እንዳለ ጭቃ ያያይዛቸዋል። ይህ ቅባት ታጥቦ ሲሳሳ የውስጡ እርጥበት ይተናል፤ ቆዳውም መለጠጥ ይሳነዋል። ክርን ደግሞ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች ጥቂት ብቻ ያሉት፣ ቀኑን ሙሉ የሚታጠፍና የሚዘረጋ፣ በጠረጴዛና በምንጣፍ ላይ የሚፈተግ ስፍራ በመሆኑ ቀድሞ ይጎዳል።

አትክልተኛ ይህን ለመረዳት ከመደቡ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። ውሃ ጠጥቶ ሳይሸፈን የዋለ መደብ ቅርፊት አበጅቶ ይሰነጠቃል፤ በሣር ወይም በቴምር ቅጠል የተሸፈነው ግን እርጥበቱን ይዞ ያድራል። የቆዳም ነገር እንዲሁ ነው። ክርንን ደጋግሞ በውሃ ማራስ ብቻውን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ድርቀቱ ይብሳል። ዋናው ነገር እርጥበቱን መክደን ነው።

ስለዚህ ከሥራ በኋላ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ሳይቆዩ መታጠብ ይገባል። ጨዋማ ውሃ ለሳሙና አረፋ ስለማይመች ሰው ሳያውቀው ሳሙና ያበዛል፤ የልብስ ሳሙናን ለገላ ማዋልማ የተረፈውን ቅባት ጠርጎ ይወስዳል። ከታጠቡ በኋላ ክርኑን በፎጣ ሳይፈትጉ ተጫን ተጫን አድርጎ፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን መቀባት ነው። ቫዝሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠበት፣ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ቅባት ሲሆን ዋጋው ርካሽ ነው፤ በሙቀት ቢለሰልስም አይበላሽም። የደጋ ሰው የሚቀባው ቅቤም መክደኑን ይከድናል፤ ነገር ግን በአምቡሊ ሙቀት ሽታው ቶሎ ይለወጣል፣ ለተከፈተ ስንጥቅም ንጹሕ አይደለም።

ቆዳው እንደ ቅርፊት ለወፈረበት ሰው ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ቅባት ይረዳዋል። ዩሪያ ሲባል ገበሬው ማዳበሪያው ትዝ ሊለው ይችላል፤ በእርግጥም ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። ቢሆንም ለቆዳ የሚሆነው ተጣርቶና ተመጥኖ የተዘጋጀው ብቻ ስለሆነ የማዳበሪያ ከረጢት ፈትቶ መቀባት ፈጽሞ አይገባም። ዩሪያ ውሃን ይስባል፣ የጠጠረውንም ሽፋን ያለሰልሳል፤ በተከፈተ ስንጥቅ ላይ ግን ስለሚያቃጥል እስኪድን ድረስ በቫዝሊን መቆየት ይሻላል።

ክርንን በሎሚ ማሸት ወይም በድንጋይ መፋቅ ቁስሉን ከማስፋት በቀር ፋይዳ የለውም። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው በገበያ የሚሸጡት ቅባቶችም አንዳንዶቹ ኃይለኛ የኮርቲዞን መድኃኒት ስላለባቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቧቸው ቆዳውን ያሳሳሉ።

ድርቀት የሚመስል ሁሉ ድርቀት አይደለም። ጠርዙ ተለይቶ የሚታወቅ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ያለበት፣ በጉልበትና በራስ ቅልም ላይ የሚወጣ ከሆነ ሶርያሲስ የተባለው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሕክምናው ግን የተለየ ነው። ስንጥቁ መግል የያዘ፣ ያበጠ ወይም የሚያተኩስ እንደሆነ፣ ባለቤቱም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ ያለው ተራ ድርቀትም ቢሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ተቀብቶ ለውጥ ካላሳየ ለሐኪም መታየት አለበት።