የቡና ስምና የጤፍ ውል

በአዲስ አበባ በልደታ አብነት የሚባል ሰፈር አለ። ለመርካቶ ጎረቤት ስለ ሆነ የዚያ ሰፈር ልጅ ገና ፊደል ሳይቈጥር ዋጋ መጠየቅን ይለምዳል። እናቱ ቡና ግዛ ብላ ስትልከው ባለሱቁ «የሐረር ነው፣ የጅማ ነው፣ ወይስ የይርጋ ጨፌ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቡና ሁሉ ቡና ከሆነ ስለ ምን ስሙን ይጠይቃል? ስሙ ጣዕሙን ስለሚያስታውቅ ሰው በስሙ ይገዛልና ነው።

ይህን ነገር የውጭ አገር ነጋዴዎች አስቀድመው ዐውቀውታል። ስታርባክስ የሚባለው የአሜሪካ ታላቅ የቡና ኩባንያ በፀሐይ የደረቀውን የሲዳሞ ቡና አንዱን ፓውንድ፣ ይኸውም ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን፣ በ26 ዶላር ይሸጠው ነበረ። ቡናውን ተክሎ፣ ለቅሞ ላደረቀው ገበሬ ግን ከአንዱ ፓውንድ የሚደርሰው አንድ ዶላር ያህል ብቻ ነበረ። ቈልቶ ማሸግም ድካም አለው፤ ዳሩ ግን ከስሙ የመጣው ዋጋ ጥቂት አልነበረም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚባሉት ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክቶች ሆነው እንዲመዘገቡ በአሜሪካ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው ብሎ ተቃወመ። ስታርባክስም ሲዳሞ የሚለው ቃል የገባበትን ምልክት አስቀድሞ አመልክቶ ነበረና የሲዳሞ ጉዳይ ዘገየ። ደግሞም በስሙ ፈንታ ቡናው የበቀለበትን ስፍራ የሚመሰክር ማስረጃ ይሻላል ብሎ መከረ። ምክሩ መልካም ይመስላል። ነገር ግን የገበሬው ማሳ ትንሽ ነው፤ ቡናውም በጥቂት በጥቂቱ ከብዙ እጅ ይሰበሰባል። ያን ሁሉ ከማሳው ጀምሮ ለመመርመር ወጪው ከባድ መሆኑን አይተው የኢትዮጵያ ሹማምንት በስሙ ጸኑ።

በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋራ መስማማቱ ተነገረ። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ስለ ስሙ አንዲት ሳንቲም አልጠየቀችም፤ ነጋዴው ስሙ የኢትዮጵያ ገንዘብ መሆኑን አምኖ በከረጢቱ ላይ እንዲጽፈውና እንዲያስታውቀው ፈቀደችለት። ክፍያ ብትጠይቅ ኖሮ ነጋዴው ስሙን ትቶ የሌላ አገር ቡና መግዛት ይቻለው ነበር። ስሙ ሲታወቅ ግን ፈላጊው ይበዛል፤ ፈላጊው ሲበዛም ሻጩ ስለ ዋጋ ለመከራከር ጕልበት ያገኛል። እርግጥ ስም ብቻውን ጐተራ አይሞላም፤ ክፉው ቡና ከደጉ ጋራ ተደባልቆ ቢሸጥ ብዙ ዘመን የተደከመበት ስም ቶሎ ይጠፋል።

በዚያው በ1997 ዓ.ም. ስለ ጤፍ የተደረገው ውል ግን አልተሳካም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዘር ወስዶ በአውሮፓ ሊያለማ፣ ከትርፉም ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ተዋዋለ። ውሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነበረ። ኩባንያው ግን ውሉ ሳይፈረም በፊት ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የባለቤትነት መብት እንዲሰጠው አመልክቶ ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. መብቱን በአውሮፓ አገኘ፤ በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ መብቱም በሌላ ኩባንያ እጅ ገባ። በኢትዮጵያ እጅ የቀረው ከከሰረ ኩባንያ ጋራ የተጻፈ ውል ነበረ፤ መብቱን የያዘው ደግሞ ያን ውል አልፈረመም። ከትርፉም የደረሳት እጅግ ጥቂት ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በአዘገጃጀቱ አዲስ ጥበብ የለበትም ብሎ መብቱን በሆላንድ ሻረው። በዚያ ሙግት የተከራከሩት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም።