ኬናርድ ያላወጣችው ደንብ

ተማሪው፦ ጋሼ፣ የልጅ አጥንት ቶሎ እንደሚገጥም ሁሉ፣ በሕፃንነቱ አንጎሉ የተጎዳ ልጅም በጉልምስናው ከተጎዳ ሰው ፈጥኖ ያገግማል ይባላል፤ እውነት አይደለምን?

አዛውንቱ፦ ይህ አባባል «የኬናርድ ደንብ» ተብሎ በየመጽሐፉ ሲዞር ኖሯል፤ ማርጋሬት ኬናርድ ግን እንዲህ ያለ ደንብ አላወጣችም፤ ስሙን የሰጡት ከእርሷ በኋላ የመጡ ናቸው። ኬናርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ባካሄደችው ጥናት፣ እንቅስቃሴን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል በግልገልነታቸው የተጎዳባቸው ጦጣዎች፣ ካደጉ በኋላ ከተጎዱት በተሻለ እጅና እግራቸውን ማዘዝ እንደቻሉ አየች። ይህን ሁሉም ይጠቅስላታል። ደኅና መስለው የነበሩት ግልገሎች እያደጉ ሲሄዱ ጡንቻቸው መገተር እንደጀመረ መጻፏን ግን የሚያነሣላት ጥቂት ነው። ለመሆኑ የጦጣን ክንድ ከልጅ ሐሳብ ጋር ምን አገናኘው? ግማሽ ቃሏ ተቆርጦ ተወሰደና፣ ስንቱ ወላጅ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ተብሎ ተሸኘ! የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዶናልድ ሄብ በ1940ዎቹ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት አሥርት ዓመታት በክርክር አለፉ።

ተማሪው፦ ታዲያ ዕድሜ የሚያመጣው ልዩነት ምንድን ነው?

አዛውንቱ፦ ወሳኙ፣ ጉዳቱ ሲደርስ ክህሎቱ የነበረበት ደረጃ ነው። በ15 ዓመት ዕድሜ ንባብ ሥር የሰደደ ስለሆነ ከጉዳት ሊተርፍ ይችላል፤ ገና ያልተጀመረ ክህሎት ግን የሚገነባበትን መሠረት ያጣል። ከግንባር ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ማለትም ዕቅድን፣ ትኩረትንና ራስን መግታትን የሚመራው፣ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አያቆምም። በ3 ዓመቱ ክፉኛ የተጎዳ ልጅ በ4 ዓመቱ ከእኩዮቹ ላይለይ ይችላል፤ ምክንያቱም ከ4 ዓመት ልጅ ዕቅድ የሚጠይቅ የለም። 5ኛ ክፍል ደርሶ ብዙ ደረጃ ያለውን ሥራ ብቻውን እንዲጨርስ ሲታዘዝ ግን ጉድለቱ ይወጣል። ባለሙያዎች ይህን ወደ ጉድለት ማደግ ይሉታል፤ መምህሩ የቆየውን አደጋ ስለማያውቅ ስንፍና ይለዋል።

ተማሪው፦ ቋንቋስ?

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ ሕፃንነት በእርግጥ ይረዳል። በውልደት አካባቢ የግራ አንጎላቸው የደም ዝውውር ተቋርጦ የተጎዳባቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አፍ ይፈታሉ፤ በብዙዎቹ ቀኙ ክፍል ሥራውን ይረከባልና። ነገር ግን ቀኙ የራሱ ሥራ ነበረው፤ ቋንቋ ሲጨመርበት ቦታንና ቅርጽን የማገናዘብ ችሎታ ሊጣበብ ይችላል፤ ይህን ዋጋ ደንቡን የሚደጋግሙት ከሒሳባቸው አያስገቡትም።