የስቴም ሴል ሕክምና ለፓርኪንሰንና ለአልዛይመር፦ ከመክፈልዎ በፊት ይወቁ

በስኮትዴልና በአካባቢው ለሚኖሩ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው

እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ፓርኪንሰን፣ አልዛይመር ወይም ኤ.ኤል.ኤስ. ካለባችሁ «በስቴም ሴል እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ አይተው ይሆናል። የእቁብ ገንዘብዎን ወይም ዘመድ ያዋጣልዎትን ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ስቴም ሴል ምንድን ነው?
ስቴም ሴል (ግንደ ሕዋስ) ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ። ተመራማሪዎች ምትክ ሕዋሳትን በላብራቶሪ አዘጋጅተው በቀዶ ሕክምና አንጎል ውስጥ ይተክላሉ። በ2025 የታተሙ ሁለት ጥናቶች በአሜሪካና በካናዳ 12፣ በጃፓን 7 ሕሙማንን ተከታትለዋል። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን በዋናነት የተፈተሸው ደህንነቱ ነው። በክሊኒክ ክንድ ላይ የሚሰጥ መርፌ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

በአሜሪካ ተፈቅዷል?
አልተፈቀደም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ.ዲ.ኤ.) ለእነዚህ ሦስት በሽታዎች የፈቀደው የስቴም ሴል ሕክምና የለም። «ከራስዎ ስብ የተወሰደ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» ቢሉዎት አይመኑ።

ምን ጉዳት አለው?
• በ2018 በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና ከእትብት ደም የተሠራ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል።
• በጆርጂያ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የስቴም ሴል መርፌ ያስተዋወቁ ሰዎች በ2021 በፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና በክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተከሰዋል። አንዱ መርፌ 5,000 ዶላር ገደማ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2024 ማስታወቂያው አሳሳች እንደነበር ወስኗል።

ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ
• ኤፍ.ዲ.ኤ. ለእኔ በሽታ ፈቅዶታል?
• ጥናት ከሆነ ለምን እከፍላለሁ? እውነተኛ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ለሚሞከረው ሕክምና አያስከፍልም።
• ብታመም ማን ያክመኛል?

አሁን ምን ላድርግ?
• የነርቭ ሐኪምዎን ያማክሩ። በሆስፒታል ነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት፤ «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ ማስተርጎም የለበትም።
• ሌቮዶፓ ወይም ሌላ መድኃኒትዎን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።
• ከመርፌ በኋላ ትኩሳት፣ እብጠት ወይም ከባድ ሕመም ከተሰማዎት ወዲያውኑ ይታከሙ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 911 ይደውሉ።
• ገንዘብዎን ተታለው ከሆነ ለጆርጂያ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል በ404-651-8600 ያመልክቱ።

መታለል አያሳፍርም። እርስዎ ሲናገሩ ሌላው ይድናል።