የዝውውር አበልና ሁለቱም በሠራዊት የሚያገለግሉ ባለትዳሮች

ባልና ሚስት ሁለቱም በሠራዊት ሲያገለግሉ የዝውውር አበል ለማን፣ ስንት ጊዜ ይከፈላል? በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የሠለጠኑበት የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ለነበረው ለኮልፌ ጥያቄው ሩቅ አይደለም።

የዝውውር ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። የጉዞና የውሎ አበል ሰውን ስለሚከተሉ ለእያንዳንዱ አገልጋይ ሊከፈሉ ይገባል። የጓዝ ማንሻና የቤት ማደራጃ ግን ቤትን ይከተላሉ፤ ባልና ሚስት ወደ አንድ ጣቢያ ከተዛወሩ የሚነሣው ጓዝ አንድ ነው። በአሜሪካ ጦርም ልጅ ሳይኖራቸው በአንድ ቤት ለሚሰፍሩ ወታደር ባለትዳሮች የመዛወሪያ አበሉ ለአንዳቸው ብቻ ይከፈላል።

«ለአንድ ትዳር አንድ አበል» የሚለው መርሕ ግን የምደባ ትእዛዙ ሲለያይ ይፈርሳል። ለአብነት ሚስት ወደ ጅጅጋ፣ ባል ወደ ባሕር ዳር ቢመደቡ፣ ልጆችም ከአያታቸው ጋር ኮልፌ ቢቀሩ፣ አንዱ ጎጆ ሦስት ይሆናል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ተጋቢዎች አብረው እንዲኖሩ ይደነግጋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰቡንና የመንግሥትን ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ያረጋግጣል። መለያየቱ በትእዛዝ እንጂ በተጋቢዎቹ ፈቃድ ስላልመጣ፣ ወጪውን ከደመወዛቸው እንዲሸፍኑ መተው ከዚህ ጥበቃ ጋር አይጣጣምም።

ስለሆነም የቤት ነክ አበል መለኪያ የደመወዝተኛው ወይም የጋብቻው ቁጥር ሳይሆን ትእዛዙ ያስከተለው የጎጆ ቁጥር ሊሆን ይገባል።